የሊኑክስ ከርነል የትሬስ ኢቨንት ፓች እንዴት ይገመገማል

ትሬስ ኢቨንት ከርነሉ ሲሠራ የተፈጠረን ኩነት የሚመዘግብ ኮድ ነው፤ ትሬስፖይንት ደግሞ ከከርነሉ ኮድ ውስጥ የሚጠራበት ነጥብ ነው። ትሬስ ኢቨንት የሚጨምር ወይም የሚቀይር ፓች (የኮድ ለውጥ) አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ አርባ ሃምሳ መስመር ቢሆን ነው፣ እሱም ባብዛኛው ማክሮ። ስለዚህ ብዙ ገምጋሚ ላይ ላዩን አይቶት ያልፋል። ይህ ኮድ ግን የሚሠራው በሁለት የተለያዩ ጊዜያት ነው። አንደኛው ክፍል ኩነቱ በተፈጠረበት ቅጽበት፣ ምናልባትም ስፒንሎክ (ተይዞ መተኛት የማይቻልበት ሎክ) ተይዞ ወይም ኢንተራፕት (የሃርድዌር ማቋረጫ) ውስጥ ሆኖ፣ መረጃውን ሪንግ በፈር (ሲሞላ አሮጌውን እየደመሰሰ የሚቀጥል ማከማቻ) ላይ ይጽፋል። ሁለተኛው ክፍል ተጠቃሚው የትሬስ ፋይሉን ሲከፍት፣ ከሰከንዶች ወይም ከሰዓታት በኋላ፣ የተጻፈውን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። በመሃል ሜሞሪው ተለቆ፣ ፕሮሰሱም ሞቶ ሊሆን ይችላል። ከባዶቹ ስህተቶች የሚገኙት በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ስለሆነ እያንዳንዱን መስመር ስታነቡ “ይህ የሚሠራው ሲጻፍ ነው ወይስ ሲነበብ?” ብላችሁ ጠይቁ።

ዝግጅት

የሚያስፈልጉት የከርነሉ የጊት ማከማቻ፣ ቢ4 (ፓችን ከኢሜይል ዝርዝር የሚያወርድ)፣ ኪውኢሙ (ቨርቹዋል ማሽን)፣ ትሬስ-ሲኤምዲ እና ፐርፍ (ትሬስ የሚቀዱ መሣሪያዎች) ናቸው። ከርነሉን ሁለት ጊዜ ኮምፓይል አድርጉ፦ አንዴ ያለ ፓቹ፣ አንዴ ከፓቹ ጋር። በሁለቱም ላይ ካሳን (የተለቀቀ ሜሞሪ ሲነካ የሚይዝ)፣ ፕሩቭ_ሎኪንግ (የሎክ ስህተት የሚይዝ)፣ ዲበግ_አቶሚክ_ስሊፕ (በማይፈቀድበት ቦታ መተኛትን የሚይዝ) እና ኢቨንት_ትሬስ_ስታርትአፕ_ቴስት የተባሉት የፍተሻ አማራጮች ይከፈቱ። የመጨረሻው ከርነሉ ሲነሳ ኢቨንቶቹን እያበራ የሚሞክር ስለሆነ ቡቱን ያዘገየዋል፤ ለግምገማ ግን ጠቃሚ ነው።

1. ፓቹን በቦታው ማሳረፍና ዓይነቱን መለየት

ፓቹን በቢ4 አውርዱና የተመሠረተበት ኮሚት ከተጠቀሰ በዚያው ላይ አሳርፉት። ዝም ብላችሁ የቅርቡ ቅርንጫፍ ላይ ብታሳርፉት ያለ ቅሬታ ሊገባ ይችላል፣ ትርጉሙ ግን ሊለወጥ ይችላል።

ቀጥሎ የኮዱ ጠባቂዎች (ሜይንቴይነሮች) እነማን እንደሆኑ የሚነግረውን ጌት_ሜይንቴይነር የተባለውን ስክሪፕት አሂዱ። የትሬሲንግ ዋናውን ክፍል የሚጠብቁት ስቲቨን ሮስቴት እና ማሳሚ ሂራማትሱ ናቸው፤ የብሎክ፣ የኔትወርክ ወይም የስኬጁለር ኢቨንት ግን የየራሱ ክፍል ሜይንቴይነሮች ነው። ለአንዱ ወገን ብቻ የተላከ ፓች ከሆነ ወደ ይዘቱ ሳትገቡ ይህንኑ ጻፉ።

ፓቹ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ አዲስ ኢቨንት ይጨምራል፣ ያለውን ይቀይራል፣ ወይም የትሬሲንጉን ሞተር ራሱን ይነካል። ሦስቱንም በአንድ ፓች ያጨቀ ካለ እንዲከፋፍል ጠይቁት።

አዲስ ኢቨንት ከሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ “ማን ይጠቀምበታል?” ነው። “ይህ ፈንክሽን ተጠርቷል” ከማለት ያለፈ መረጃ የማይሰጥ ኢቨንት አያስፈልግም፤ ያንን የፈንክሽን ትሬሰሩ ወይም አንድ ኬፕሮብ (በሚሠራ ከርነል ላይ የሚተከል መመርመሪያ) ያለ ምንም ፓች ይሠራዋል። ጥሩ ኢቨንት ከውጭ ሊገኝ የማይችል ውሳኔ ወይም የሁኔታ ለውጥ ያሳያል፦ ለምን እንደተመረጠ፣ ስንት ጊዜ እንደጠበቀ፣ በምን ስህተት እንደወደቀ። አንዴ ከገባ በኋላ ማውጣት አስቸጋሪ ስለሆነ ይህን ጥያቄ በይሉኝታ አትለፉት።

2. ከኮዱ በፊት የፎርማት ፋይሉን ማንበብ

እያንዳንዱ ኢቨንት በ/ሲስ/ከርነል/ትሬሲንግ/ኢቨንትስ ሥር “ፎርማት” የሚባል ፋይል አለው። ይህን ማውጫ የያዘው ፋይል ሲስተም፣ ትሬስኤፍኤስ፣ ራሱን ችሎ የወጣው በ4.1 ከርነል (እ.ኤ.አ. 2015) ነው፤ ከዚያ በፊት መንገዱ በዲበግኤፍኤስ ሥር ነበር፣ በአሮጌ ስክሪፕቶች ውስጥ አሁንም ታዩታላችሁ። ከሁለቱ ከርነሎች ይህን ፋይል ቅዱና በዲፍ አወዳድሩ። ከፓቹ ውስጥ የማይታየው ነገር እዚህ ፊት ለፊት ይወጣል።

ለማነጻጸሪያ የስኬድ_ስዊችን (ሲፒዩው ከአንድ ታስክ ወደ ሌላ ሲዞር የሚመዘገበውን ኢቨንት) ፎርማት ክፈቱ። የመጀመሪያዎቹ 8 ባይቶች የሁሉም ኢቨንት የጋራ ፊልዶች ናቸው፦ 2 ባይት የኢቨንቱ መለያ፣ 1 ባይት ፍላግ፣ 1 ባይት የፕሪኤምፕት ቆጠራ፣ 4 ባይት ፒአይዲ። ከዚያ በ64 ቢት ማሽን ላይ የወጪው ታስክ ስም ከ8 ጀምሮ 16 ባይት፣ ፒአይዲው 24 ላይ፣ ፕራዮሪቲው 28 ላይ፣ ሁኔታው 32 ላይ 8 ባይት ይዞ ይቀጥላል። የሚቀጥለው ታስክ ስም 40 ላይ ይጀምራል። ክፍተት የለበትም፤ የተስተካከለ አሰላለፍ ይህን ይመስላል።

አሁን አንድ ፓች አራት ፊልዶችን በዚህ ቅደም ተከተል አመጣ እንበል፦ ዓይነት (ዩ8)፣ ሴክተር (ዩ64)፣ አቅጣጫ (ዩ8)፣ የጥበቃ ጊዜ (ዩ64)። ዩ8 1 ባይት፣ ዩ64 8 ባይት ነው። ዓይነቱ 8 ላይ ይቀመጣል፤ ሴክተሩ በ8 መሰለፍ ስላለበት 16 ላይ ያርፋል፣ 7 ባይት ባዶ ይቀራል። አቅጣጫው 24 ላይ፣ የጥበቃ ጊዜው 32 ላይ፣ ሌላ 7 ባይት ባዶ። ጠቅላላው 40 ባይት ሆነ። ሁለቱ ዩ64 ከፊት፣ ሁለቱ ዩ8 ከኋላ ቢሆኑ ግን 26 ላይ ያልቅና ወደ 32 ይጠጋጋል። የሪንግ በፈሩን የ4 ባይት ራስጌ ጨምሩበትና የመጀመሪያው 44፣ ሁለተኛው 36 ባይት ይሆናል። በፈሩ በየሲፒዩው በነባሪ 1408 ኪሎባይት ስለሆነ ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ የሚይዘው ኩነት ከ32 ሺህ ገደማ ወደ 40 ሺህ ገደማ ያድጋል። ችግር እያሳደደ ያለ ሰው የሚፈልገው ኩነት ከመደምሰስ የሚተርፈው በዚህ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

በፎርማቱ ላይ የምልክት መግለጫውንም እዩ። የስህተት ኮድ በዩ32 ከተያዘ -5 እንደ ትልቅ አዎንታዊ ቁጥር ይወጣል፣ ማጣሪያ ላይ “ከዜሮ ያነሰ” ብሎ መጠየቅም አይሠራም። ሎንግ የተባለውን ዓይነት ካያችሁ ደግሞ ቋሚ መጠን ባለው እንዲተካ ጠይቁ። በ32 ቢት ኤክስ86 ላይ ዩ64 ራሱ በ4 ባይት እንደሚሰለፍ፣ ስለዚህም ኦፍሴቶቹ (የፊልዶቹ መነሻ ቦታዎች) እዚያ እንደሚለያዩ አትርሱ።

3. የመጻፊያው ክፍል፦ ቲፒ_ፋስት_አሳይን

ይህ ኩነቱ በተፈጠረበት ቅጽበት የሚሠራው ነው። እዚህ ውስጥ መተኛት፣ ሚውቴክስ መያዝ፣ ሜሞሪ መመደብ አይቻልም። የሚጠራ ፈንክሽን ካለ ገብታችሁ እስከ ታች አንብቡት፤ ስሙ “ጌት” ብሎ የሚጀምር ትንሽ ፈንክሽን ውስጡ ሎክ ይዞ ይገኛል፣ ትሬስፖይንቱ ያንኑ ሎክ በያዘ ኮድ ውስጥ ከተጠራ ደግሞ ማሽኑ ይቆለፋል። የሚያስከፋው ኢቨንቱ ጠፍቶ እያለ ምንም ምልክት አለመኖሩ ነው። ተጠቃሚው ሌላ ችግር ሊመረምር ሲያበራው ነው ሁሉም ነገር ቀጥ የሚለው።

እያንዳንዱ ፊልድ በሁሉም መንገድ ዋጋ ማግኘቱን አረጋግጡ። ሪንግ በፈሩ ለአዲስ ኩነት ቦታ ሲሰጥ ሜሞሪውን ዜሮ አያደርግም። “ዲቫይስ ካለ ስሙን ጻፍ” የሚል ኢፍ ኖሮ ኤልስ ከሌለው በዚያ ቦታ ቀድሞ የነበረው የሌላ ኩነት ቅሪት ይነበባል። እንዲህ ያለው ስህተት ሲፈተሽ አይያዝም፤ ውጤቱ እውነት የሚመስል ውሸት ነው።

ሰንሰለት የሆኑ ፖይንተሮችን ቁጠሩ። ሁለት ወይም ሦስት ቀስት ያለፈ አገላለጽ ካለ በመሃል ያለው ኑል ሊሆን የሚችልበት መንገድ መኖሩን ጠሪውን ከፍታችሁ እዩ። በዋናው ኮድ ውስጥ የኑል ፍተሻው ከትሬስፖይንቱ በኋላ ሆኖ ይገኛል።

ለስትሪንግ ትክክለኛው መንገድ በቲፒ_ስትራክት__ኢንትሪ ውስጥ __ስትሪንግ፣ እዚህ __አሳይን_ስትር፣ ማተሚያው ላይ __ጌት_ስትር ነው። ከ6.10 (እ.ኤ.አ. 2024) ጀምሮ __አሳይን_ስትር የሚቀበለው አንድ አርግዩመንት ብቻ ነው፤ ምንጩ __ስትሪንግ ላይ አንዴ ይሰጣል። ወደ አሮጌ ከርነል የሚመለስ ፓች ሁለተኛውን አርግዩመንት መልሶ መጨመር አለበት፣ ካልሆነ ኮምፓይል አያደርግም።

4. የማንበቢያው ክፍል፦ ቲፒ_ፕሪንትኬ

ደንቡ አንድ ነው፦ እዚህ የሚነካው በመዝገቡ ውስጥ የተቀዳ ነገር ብቻ ነው። መዝገቡ ውስጥ ፖይንተር ተቀምጦ በዚህ ክፍል ቀስት ከተከተለበት፣ ወይም በ%ኤስ ከታተመ፣ የሚነበበው ሜሞሪ ከተለቀቀ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ከርነሉ ሲነሳና ሞጁል ሲጫን የማተሚያውን ፎርማት መርምሮ እንዲህ ያለውን ያስጠነቅቃል። ይሁንና ፖይንተሩ ለሌላ ረዳት ፈንክሽን ተላልፎ ቀስቱ እዚያ ውስጥ ከሆነ ፍተሻው አይደርስበትም፤ ያንን የሚያየው ሰው ብቻ ነው። በመዝገቡ ውስጥ የተቀዳ የአይፒ አድራሻን በአድራሻ ማተሚያ ማውጣት ችግር የለውም፣ ፖይንተሩ የሚያመለክተው መዝገቡን ራሱን ነውና። የዴንትሪ (የከርነሉ የፋይል ስም መዝገብ) ስም በፖይንተር ማተም ግን አይቻልም።

ከረንት (አሁን እየሠራ ያለው ፕሮሰስ)፣ ጂፊስ (የከርነሉ የጊዜ ቆጣሪ) ወይም የሲፒዩ ቁጥር በዚህ ክፍል ካያችሁ ፓቹን መልሱት። የሚታተመው ኩነቱን የፈጠረው ፕሮሰስ ሳይሆን ፋይሉን እያነበበ ያለው ካት ነው። ስህተቱ ለመሞከር ቀላል ነው፤ ፋይሉን ሁለት ጊዜ አንብቡትና የድሮዎቹ መስመሮች ከተለወጡ እሱ ነው።

ፐርፍና ትሬስ-ሲኤምዲ ጥሬውን መረጃ ቀድተው የሚያትሙት ራሳቸው ናቸው፤ የሚጠቀሙበት ላይብረሪ ሊብትሬስኢቨንት የፎርማት ፋይሉን የመጨረሻ መስመር እንደ ሲ ኮድ ይተረጉማል። እዚያ ውስጥ የከርነል ፈንክሽን ጥሪ ካለ አያውቀውም፣ ተጠቃሚውም ጥሬ ፊልዶች ብቻ ያያል። ስሌት ካለ ወደ መጻፊያው ይሂድ፣ ወይም ጥሬው ዋጋ ብቻ ይቀመጥ። ቁጥርን በስም በሚያትመው __ፕሪንት_ሲምቦሊክ ውስጥ ኢነም ከተጠቀመ ደግሞ በትሬስ_ዲፋይን_ኢነም መገለጹን እዩ፤ ካልተገለጸ ፎርማቱ ላይ ቁጥሩ ሳይሆን ስሙ ይወጣና መሣሪያው ሊተረጉመው አይችልም። ዲፋይን የተደረገ ቋሚ ይህ ችግር የለበትም፣ ፕሪፕሮሰሰሩ በቁጥር ይተካዋል።

በማተሚያው መጨረሻ ላይ አዲስ መስመር አያስፈልግም፤ በራሱ ይጨመራል።

5. ትሬስፖይንቱ የተጠራበት ቦታ

የጠፋ ትሬስፖይንት ወጪው ከምንም አይቆጠርም፤ በኤክስ86 ላይ ምንም የማይሠራ አጭር መመሪያ ነው። አርግዩመንቶቹ ግን የሚሰሉት ከዚያ በፊት ነው። ጥሪው ውስጥ ሌላ ፈንክሽን ካለ፣ ለምሳሌ ዝርዝር የሚቆጥር፣ ኢቨንቱ ጠፍቶም ይሠራል። መፍትሔው ስሌቱን በ“ትሬስ_እንዲህ_ኢነብልድ” ኢፍ ውስጥ ማስገባት ነው፣ ወይም ፖይንተሩን ብቻ አሳልፎ ስሌቱን መጻፊያው ላይ መሥራት። ሁለተኛው ሲቻል ይሻላል።

ትሬስፖይንት በሄደር ፋይል ውስጥ ባለ ኢንላይን ፈንክሽን አይጠራ። የሄደሮች መጠላለፍ ያመጣል፣ ኮዱም በየጠሪው ይባዛል። ከርነሉ ለዚህ ትሬስፖይንት-ዴፍስ የሚባል ቀላል ሄደር አለው፤ ኢንላይኑ መብራቱን ብቻ ይጠይቅና ትክክለኛውን ጥሪ በሲ ፋይል ውስጥ ላለ ፈንክሽን ይተዋል።

ቦታውንም መዝኑ። ከሎክ መልቀቅ በኋላ የተጠራ ትሬስፖይንት ሌላ ሰው የለቀቀውን ዕቃ ሊያነብ ይችላል፤ ከስህተት መመለሻ በፊት ያልተጠራ ደግሞ ሰው በጣም የሚፈልገውን ኩነት ያስቀራል። የጀመረና የጨረሰ የሚሉ ጥንድ ኢቨንቶች ካሉ በእያንዳንዱ ሪተርን መንገድ ላይ ጨራሹ መኖሩን አንድ በአንድ ተከተሉ።

6. ነባር ኢቨንት ሲቀየር

የፊልድ ስም፣ መጠንና ቅደም ተከተል ለተጠቃሚ ፕሮግራሞች ውል ሆነው ይቆያሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ትልቁ የከርነል ሎክ ሲወገድ ሎክ_ዴፕዝ የተባለው የጋራ ፊልድ አብሮ ወጣ፣ ኦፍሴቶቹም በ4 ባይት ሸሹ። የኃይል ፍጆታ መመርመሪያው ፕሮግራም ፓወርቶፕ ኦፍሴቱን ከፎርማት ፋይሉ ሳያነብ በኮዱ ውስጥ ጽፎት ነበርና ተበላሸ። ጥፋቱ የፓወርቶፕ ነበር ማለት ይቻላል፤ ቢሆንም ከርነሉ ነው 4 ባይት ባዶ ቦታ መልሶ የጨመረው። ነባር የተጠቃሚ ፕሮግራም ከተሰበረ የከርነሉ ለውጥ ይታረማል።

ፎርማቱ ሳይለወጥም መስበር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2022፣ 5.18 ሲሰናዳ፣ ለስኬድ_ስዊች ትሬስፖይንት የቀድሞው ሁኔታ የሚል አርግዩመንት በመሃል ተጨመረ። ቢፒኤፍ ፕሮግራሞች (ተጠቃሚው ከርነሉ ውስጥ የሚጭናቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች) በጥሬ ትሬስፖይንት ሲያያዙ አርግዩመንቶቹን በተራ ቁጥር ስለሚያነቡ፣ ታስክ በጠበቁበት ቦታ ሌላ ነገር አገኙ። ማስተካከያው አዲሱን አርግዩመንት ወደ መጨረሻ ማዛወር ነበር። ስለዚህ የትሬስፖይንቱን አርግዩመንቶች የሚዘረዝረው ቲፒ_ፕሮቶ ከተነካ ጭማሪው መጨረሻ ላይ መሆኑን ፈትሹ።

ስም መቀየር ከሁሉም የሚናቀው ለውጥ ነው። በፊልዱ ስም የተጻፉ ማጣሪያዎች፣ ሂስቶግራም ትሪገሮችና ስክሪፕቶች በሙሉ ይቆማሉ። ለማሳመር ብቻ ከሆነ እምቢ በሉ።

7. ብዛትና ኮምፓይል

አንድ ዓይነት ፊልድ ያላቸው ሦስት አራት ኢቨንቶች እያንዳንዳቸው በትሬስ_ኢቨንት ከተጻፉ ኮዱ በየአንዳንዱ ይባዛል። አንድ ዲክሌር_ኢቨንት_ክላስ፣ ከሥሩ ዲፋይን_ኢቨንቶች ይሁኑ። ልዩነቱን በሳይዝ ትዕዛዝ ለክታችሁ በአስተያየታችሁ አስገቡት፤ ቁጥር ክርክር ያሳጥራል።

ክሪኤት_ትሬስ_ፖይንትስ በአንድ ሲ ፋይል ብቻ ይገለጽ። በሁለት ከተገለጸ ሊንከሩ ድግግሞሽ ብሎ ይጮኻል፣ በየትም ከሌለ የጎደለ ምልክት ይላል። ዲፋይን_ትሬስ የተባለው ሄደር ከድግግሞሽ መከላከያው ውጭ፣ በፋይሉ መጨረሻ መሆን አለበት። ዋናው ከርነል ውስጥ ያለን ትሬስፖይንት ሞጁል የሚጠራው ከሆነ ኤክስፖርት መደረጉን እዩ። ከዚያ ትሬሲንግ ጠፍቶ፣ እንደ ሞጁል ሆኖ፣ እና በ32 ቢት ኮምፓይል አድርጉ፤ ብዙ ፓች የሚወድቀው ትሬሲንግ ሲጠፋ ነው። የአጻጻፍ ፈታሹ ቼክፓች ስለ ትሬስ ማክሮዎች አቀማመጥ የሚያነሳውን ቅሬታ ሁሉ መከተል አያስፈልግም፤ እነሱ እንደ ስትራክት በታብ ተሰልፈው ሲነበቡ ይሻላል።

8. ማስኬድ

በኪውኢሙ ላይ ቡት አድርጉና ዲሜሰጅ ላይ ማስጠንቀቂያ ፈልጉ። ከዚያ አዲሱን ኢቨንት ብቻ አብሩ፣ ኩነቱን የሚፈጥር ሥራ አሂዱ፣ የስህተቱን መንገድ ጨምሮ። ዕቃው እንዲለቀቅ አድርጉ፦ ዲስኩን ንቀሉ፣ ፕሮሰሱን ግደሉ፣ ሶኬቱን ዝጉ። የትሬስ ፋይሉን አንብቡ የሚባለው ከዚህ በኋላ ነው። ካሳን እዚህ ላይ ከጮኸ የ4ኛውን ደረጃ ስህተት አግኝታችኋል። ዕቃው ገና በሕይወት እያለ ብቻ የተነበበ ሙከራ ይህንን አያሳይም።

ያንኑ በትሬስ-ሲኤምዲ ቅዱና ውጤቱን ከትሬስ ፋይሉ ጋር ጎን ለጎን አድርጉ፤ ከተለያዩ ማተሚያው ለመሣሪያዎቹ አይነበብም ማለት ነው። በአንድ ማጣሪያ ሞክሩ። በመጨረሻ በሴልፍቴስትስ ማውጫ ሥር ያለውን ኤፍትሬስቴስት በሩት አሂዱ።

ፓቹ ሪንግ በፈሩን ወይም ሌላ የሞተሩን ክፍል ከነካ ይህ ሁሉ አይበቃም። ያ ኮድ ኤንኤምአይ (ሊታገድ የማይችል ኢንተራፕት) ውስጥም ይሠራል፤ መጻፍ በኢንተራፕት ተቋርጦ፣ በዚያ ውስጥ ሌላ መጻፍ ጀምሮ፣ ያም በኤንኤምአይ ሊቋረጥ ይችላል። እያንዳንዱን የሜሞሪ ባሪየር ጥንዱ የት እንዳለ ካልተጻፈበት ጠይቁ፤ አዲስ ፈንክሽን ራሱ ትሬስ ተደርጎ ወደ ራሱ እንዳይመለስ የተደረገውን መከላከያ ፈልጉ። የሪንግ በፈር ስታርትአፕ ቴስቱንና የጊዜ ልዩነት ማረጋገጫውን አብሩና ሁሉም ኢቨንት በርቶ ረጅም ጫና ስጡት።

9. አስተያየት መጻፍ

ከሚመለከተው መስመር ሥር ጻፉ፣ ሌላውን ቆርጣችሁ ጣሉ። “ይህ ትክክል አይመስለኝም” ሳይሆን “ይህ ፖይንተር ሲነበብ ተለቆ ሊሆን ይችላል፤ ዲስኩ ከተነቀለ በኋላ ሳነበው ካሳን ይህን አወጣ” በሉና ውጤቱን ለጥፉ። የፎርማቱን ዲፍም እንዲሁ። መታረም ያለበትንና ምርጫ ብቻ የሆነውን ለይታችሁ አመልክቱ፤ አዲስ ገቢ ላኪ ልዩነቱን ከእናንተ ካልሰማ ከየትም አያውቀውም።

ስህተት የሚያርም ፓች ከሆነ የፊክስስ መስመሩ (ስህተቱን ያስገባውን ኮሚት የሚጠቅሰው) 12 አሃዝ ያለው የኮሚት መለያ መያዙን እዩ። ሪቪውድ-ባይ የሚሰጠው ኮዱን ላነበበ፣ ቴስትድ-ባይ ላስኬደ ነው፤ ሁለቱንም ካደረጋችሁ ሁለቱንም ስጡ። ሁለተኛው እትም ሲመጣ በጊት ሬንጅ-ዲፍ ከመጀመሪያው ጋር አወዳድሩ። የፊልድ ቅደም ተከተል ወይም ቲፒ_ፕሮቶ ከተለወጠ ቀድሞ የሰጣችሁት ሪቪውድ-ባይ እንዲነሳ ጠይቁና ከደረጃ 2 ጀምሩ።